በሥዕል የታየው ተረት በሰው ሲታይ

ዋልት ዲዝኒ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. በሥዕል ያሳያትን ሲንደሬላን፣ ኩባንያው በ2015 በሕያዋን ተዋንያን መልሶ አቀረባት። በ1937 የታየችው ስኖው ኋይትም በ2025 እንዲሁ ሆነች። ክፉ ነገር ነው አንልም፤ ያማሩ ናቸው።

ሲንደሬላ በሲኒማ በታየችበት በዚያው በ1950 ግን ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው የኢትዮጵያን ተረቶች ሰብስበው በእንግሊዝኛ አሳትመው ነበር። መጽሐፉ የተሰየመበት ተረት፣ ሌሊቱን በተራራ ላይ ራቁቱን ስለ ቆመ አሽከር ነው። ከማዶ የሚነደውን እሳት እያየ ብርዱን ቻለ። ጌታው ግን «እሳት አይተህ ሞቀሃል» ሲል ቃል የገባለትን መሬትና ከብት ከለከለው፤ ዳኛውም ለጌታው ፈረደ። እውነቱ የወጣው ጌታውና ዳኛው ግብዣ ተጠርተው የወጥ ሽታ ብቻ በቀረበላቸው ጊዜ ነው።

ይህን ያስታወስነው ባለፈው እሑድ፣ በየካ በኩል ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ስንወጣ ነው። ብርዱ አለ፤ ገደሉና ማዶውም አለ። ለዚህ ተረት ተራራ የሚሥል ሠዓሊ አያስፈልግም፤ ካሜራ የያዘ ሰው ይበቃል።

አብሮን የነበረውን ልጃችንን ጠየቅነው። ሲንደሬላን ያውቃል፤ አሽከሩን አያውቅም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ተረትንለት። ሲመሽ ከማዶው ጋራ እሳት ታየ፤ ልጁም ቆሞ እጁን ወደዚያ ዘረጋ።