ቀለብ (የቤተሰብ ሕግ)

ቀለብ በቤተሰብ ሕግ ራሱን ችሎ መኖር ለማይችል የቤተሰብ አባል ሌላው የቤተሰብ አባል እንዲሰጥ በሕግ የሚገደደው መተዳደሪያ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ቀለብ» ሲባል የወር እህል ወይም የቤት አስቤዛ ይታሰባል። በሕግ ግን ትርጉሙ ሰፊ ሲሆን ምግብን፣ መኖሪያን፣ ልብስን፣ ሕክምናንና እንደ ሁኔታው ትምህርትን ይጨምራል።

ይህ ጽሑፍ ባልና ሚስት ሲፋቱ በኢትዮጵያ፣ በተለይም በአማራ ክልል፣ ፍርድ ቤቶች የልጆችንና የተጋቢን ቀለብ እንዴት እንደሚወስኑ ያብራራል። በኢትዮጵያ ሕግ የቀለብን መጠን የሚያሰላ ቀመር ወይም ሠንጠረዥ የለም። ዳኛው የጠያቂውን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም መዝኖ ይወስናል። በዚህ ምክንያት ለፍርድ ቤቱ የቀረበው ማስረጃና ጥያቄው የቀረበበት ጊዜ በውጤቱ ላይ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ታሪክ

በኢትዮጵያ የፍቺ ጉዳይ ለረጅም ጊዜ የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ጉዳይ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን ልማድ ተቀብሎ፣ ፍቺን የመወሰንና የፍቺን ውጤት የማስተካከል ሥልጣን በዋናነት ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር። ሕጉ ቀለብ የመስጠትን ግዴታም በዝርዝር ደንግጓል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻ አፈጻጸም፣ በጋብቻው ዘመንና በፍቺ ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በፍቺ ጊዜ የልጆች መብትና ጥቅም እንዲከበር የሚያደርጉ ሕጎች እንደሚወጡም ይናገራል። አንቀጽ 36 ደግሞ ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ እርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ጥቅምና ደኅንነት ቀዳሚ እንዲሆን ያዛል።

በዚህ መሠረት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ወጣ። አዲሱ ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከሽማግሌዎች ወስዶ ለፍርድ ቤት ሰጠ። የሽማግሌዎቹ ሥራ ተጋቢዎቹን ለማስታረቅ መሞከር ሆነ። የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የክልሎችም በመሆኑ የአማራ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አወጣ።

የሚሠራው ሕግና ሥልጣን ያለው ፍርድ ቤት

የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬ ዳዋ ይሠራል። በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደብረ ታቦርና በሌሎች የአማራ ክልል ከተሞችና የገጠር ወረዳዎች የሚሠራው የክልሉ ሕግ ነው። ሁለቱ ሕጎች በቀለብ ጉዳይ በመሠረተ ሐሳባቸው ይመሳሰላሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት የአንቀጽ ቁጥሮች የፌዴራሉ ሕግ ናቸው። በአማራ ክልል የሚጻፍ አቤቱታ ግን የክልሉን አዋጅ አንቀጾች መጥቀስ ይኖርበታል።

በአማራ ክልል የፍቺና የቀለብ ጉዳይ የሚጀምረው በወረዳ ፍርድ ቤት ነው። በባሕር ዳር በፋሲሎ ክፍለ ከተማ የምትኖር እናትም ሆነች በጣና ሐይቅ ዳር በገጠር ቀበሌ የምትኖር እናት ጉዳያቸው የሚታየው በተመሳሳይ ደረጃ ነው። በውሳኔው ቅር የተሰኘ ወገን ወደ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መቀመጫው ባሕር ዳር ነው።

ጋብቻው በሰማንያ፣ በቁርባን፣ በኒካ ወይም በማዘጋጃ ቤት የተፈጸመ መሆኑ በልጆች ቀለብ ላይ ለውጥ አያመጣም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 መሠረት ሁለቱም ተከራካሪዎች ከተስማሙ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። አንደኛው ወገን ካልተስማማ ግን መደበኛው ፍርድ ቤት ያየዋል።

ፍቺው እስኪወሰን የሚሰጥ ቀለብ

የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን አነጋግሮ ሐሳባቸውን እንዲለውጡ ይሞክራል። በሽማግሌ እንዲታረቁ ሊያደርግም ይችላል። ይህ ካልተሳካ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችላል። ከዚያም የንብረት ክርክሩ ብዙ ወራት ሊወስድ ይችላል። በእነዚህ ወራት ገቢ የሌለው ተጋቢና ልጆቹ ያለ መተዳደሪያ እንዳይቀሩ ሕጉ ጊዜያዊ ትእዛዝን አስቀምጧል። በአንቀጽ 82 መሠረት ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደቀረበለት ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ እንዲሁም ስለ ንብረቱ አስተዳደር ተገቢውን ትእዛዝ ይሰጣል። እንደ አስፈላጊነቱም ከተጋቢዎቹ አንዱ ከጋራ መኖሪያው እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል።

ጊዜያዊ ቀለብ የሚፈልግ ተጋቢ ጥያቄውን ከፍቺ አቤቱታው ጋር በግልጽ ቢያቀርብ ይጠቀማል። ፍቺና የንብረት ክፍፍል ብቻ ጠይቆ የቀለብን ነገር የተወ አቤቱታ፣ ክርክሩ ባለበት ጊዜ ልጆቹን የያዘውን ወገን ለችግር ያጋልጣል።

ከፍቺ በኋላ የባልና የሚስት ቀለብ

ባልና ሚስት በጋብቻ ላይ እስካሉ ድረስ የመደጋገፍ ግዴታ አለባቸው። ይህ ግዴታ ከጋብቻው የመነጨ ስለሆነ ጋብቻው ሲፈርስ አብሮ ያበቃል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ሕግ የቀድሞ ባል ለቀድሞ ሚስቱ፣ ወይም የቀድሞ ሚስት ለቀድሞ ባሏ፣ ከፍቺ ውሳኔ በኋላ በየወሩ ቀለብ የመክፈል ግዴታ የለባቸውም። በብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ሕጎች ግን ፍቺው ከተወሰነ በኋላም ቀለቡ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል።

በኢትዮጵያ የተፋታው ተጋቢ ከፍቺ በኋላ የሚተማመንባቸው መብቶች ሁለት ናቸው።

የጋራ ንብረት ድርሻ፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ በጋብቻ ዘመን የተፈራው ንብረት እኩል ይካፈላል። በቤት ውስጥ ሥራ የኖረች ሚስት ደመወዝ አላመጣችም ተብሎ ድርሻዋ አይቀነስም። በገጠር አማራ የባልና የሚስትን ስም አብሮ የያዘው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ለዚህ ክርክር ትልቅ ማስረጃ ነው።

ካሣ፦ ለፍቺው ምክንያት የሆነው አንደኛው ተጋቢ ከሆነና ለፍትሕ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ፣ ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 84 መሠረት ለተጎዳው ወገን ካሣ እንዲከፈል ሊወስን ይችላል።

ለብዙ ዓመታት ከቤት ውጭ ያልሠራች ሚስት የሚካፈሉት ንብረት ከሌለ፣ ከፍቺ በኋላ ለራሷ የምታገኘው ድጋፍ በጣም ጠባብ ነው። የልጆቿ ቀለብ ግን የልጆቹ መብት ስለሆነ በፍቺው አይቋረጥም።

የልጆች ቀለብ

ፍርድ ቤቱ ፍቺን ሲወስን በአንቀጽ 113 መሠረት ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚኖሩ፣ ትምህርታቸውና ጤናቸው እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ቀለባቸውን ማን እንደሚሰጥና ከእነሱ ጋር የማይኖረው ወላጅ እንዴት እንደሚጠይቃቸው አብሮ መወሰን አለበት። ልጁ ከማን ጋር ይኑር የሚለውን ሲወስን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም ያያል።

ልጅን የመቀለብ ግዴታ የሁለቱም ወላጆች ነው። ልጁን ይዞ የሚያሳድገው ወላጅ ድርሻውን በቤት፣ በምግብና በጉልበት ይወጣል። ሌላኛው ወላጅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ ገንዘብ ይከፍላል። ልጁን የያዘው አባት ከሆነ ገቢ ያላት እናት ትከፍላለች።

በዚህ ጉዳይ ሁለት አለመግባባቶች በብዛት ያጋጥማሉ። የመጀመሪያው «ልጄን አላሳየችኝም፤ ስለዚህ ቀለብ አልከፍልም» የሚለው ነው። ልጅን መጠየቅና ቀለብ መክፈል የተለያዩ ጉዳዮች ስለሆኑ አንዱ የሌላው መያዣ አይሆንም። ልጁን እንዳያይ የተከለከለ ወላጅ መፍትሔው የመጠየቅ መብቱን በፍርድ ቤት ማስከበር ነው። ሁለተኛው የእናት ወይም የአባት መብት ከልጁ ጥቅም ይቀድማል የሚለው ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 በሰጠው ውሳኔ፣ እናቱ የሞተችበትን ልጅ ወስዳ ያሳደገችው አክስት ልጁን ይዛ እንድትቀጥል ወስኗል። አባትነት ብቻውን በቂ እንዳልሆነና የልጁ ጥቅም እንደሚቀድም ያሳየው ይህ ውሳኔ በሥር ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ነው።

ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መሠረት በጋብቻ ከተወለዱት ጋር እኩል መብት አላቸው። ልዩነቱ አባትነቱ ከተካደ ቀለብ ከመጠየቁ በፊት ወይም አብሮ አባትነቱን ማረጋገጥ ማስፈለጉ ነው።

መጠኑ እንዴት ይወሰናል

ከአንቀጽ 197 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች የቀለብ መጠን የጠያቂውን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም ያገናዘበ እንዲሆን፣ የኑሮ ደረጃንና የአካባቢን ልማድም ከግምት እንዲያስገባ ያዛሉ።

ፍላጎትን ለማስረዳት የትምህርት ቤት ክፍያ ደረሰኝ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሕክምና ማስረጃና የወር ወጪ ዝርዝር ይጠቅማሉ። አቅምን ለማስረዳት ደግሞ ለደመወዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ የሚጻፍ የደመወዝ ማረጋገጫ፣ ለነጋዴ የንግድ ፈቃድና የግብር መረጃ፣ ለገበሬ የይዞታ ደብተር፣ ለባለ ቤት የኪራይ ውል ይቀርባል። ፍርድ ቤቱ በተከራካሪ ጥያቄ ማስረጃው ካለበት መሥሪያ ቤት ወይም ባንክ እንዲቀርብ ሊያዝ ይችላል።

አስቸጋሪው በወረቀት የማይታይ ገቢ ነው። የባጃጅ ሾፌር፣ የጣና ዓሣ አስጋሪ ወይም የጉልት ነጋዴ የደመወዝ ደብዳቤ የለውም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሥራውንና አኗኗሩን የሚያውቁ ምስክሮች ይሰማሉ፤ ተሽከርካሪው ወይም ጀልባው የማን እንደሆነም ይጣራል። ገቢው ካልተረጋገጠ ዳኛው ዝቅ ያለ መጠን ሊወስን ስለሚችል ምስክር ማዘጋጀት ወሳኝ ነው።

አመዛዘኑን ለማሳየት ያህል የሚከተለውን የምሳሌ ስሌት እንይ። የአንድ ልጅ የወር ወጪ ለምግብ 2,000፣ ለኪራይ ድርሻ 1,000፣ ለትምህርት 900፣ ለልብስና ለሕክምና 600፣ በድምሩ 4,500 ብር ነው እንበል። እናት በወር 6,000፣ አባት 12,000 ብር ያገኛሉ። ወጪው በገቢያቸው መጠን ቢከፈል የአባት ድርሻ 3,000፣ የእናት 1,500 ብር ይሆናል። ሕጉ ይህን ስሌት አያስገድድም። ዳኛው እናት ልጁን በመንከባከብ የምታወጣውን ጊዜና ጉልበት ቆጥሮ የአባትን ድርሻ ከፍ ሊያደርግ፣ አባት የሚያስተዳድራቸው ሌሎች ልጆች ካሉት ደግሞ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል።

በስምምነት መፋታት

ተጋቢዎች በስምምነት ሲፋቱ የልጆችን ቀለብ ራሳቸው መወሰን ይችላሉ፤ ስምምነቱ ግን በፍርድ ቤት መጽደቅ አለበት። የልጆቹን ጥቅም በበቂ ሁኔታ የማያስጠብቅ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን በራሱ ውሳኔ ሊያስተካክል ይችላል። እናት ከክርክር ለመገላገል ብላ «ቀለብ አልፈልግም» ብትፈርምም፣ መብቱ የልጁ ስለሆነ በዚያ ፊርማ አይጠፋም።

ውሳኔውን ስለ መለወጥና ስለ ውዝፍ

የቀለብ ውሳኔ እስከ መጨረሻው ጸንቶ የሚቀር አይደለም። የኑሮ ውድነት ሲጨምር፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ ወይም ሲታመም፣ ከፋዩ ደመወዝ ሲጨመርለት ወይም ከሥራ ሲወጣ ማንኛውም ወገን መጠኑ እንዲሻሻል ማመልከት ይችላል። ፍርድ ቤት እስኪለውጠው ድረስ ግን የቀድሞው ውሳኔ ይጸናል።

ቀለብ ለዕለት ኑሮ የታሰበ ስለሆነ ሕጉ ለረጅም ጊዜ ዝም ተብሎ የተጠራቀመ ውዝፍን በቀላሉ አይቀበልም። የመክፈያ ጊዜው በደረሰ በሦስት ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ቀለብ፣ ለጠያቂው መተዳደሪያ አስፈላጊ እንደነበር ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ ሊጠየቅ አይችልም። ስለዚህ ክፍያ ሲቋረጥ ቶሎ ማመልከት ያስፈልጋል።

ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ለአካለ መጠን ይደርሳል። በወላጅና በልጅ መካከል ያለው የመቀለብ ግዴታ ግን በችግርና በአቅም ላይ የተመሠረተ በመሆኑ፣ ከዚያ በኋላም ሠርቶ መኖር የማይችል ልጅ በራሱ ስም ሊጠይቅ ይችላል።

አፈጻጸም

ከፋዩ በውሳኔው መሠረት ካልከፈለ የፍርድ ባለመብቱ የአፈጻጸም መዝገብ ይከፍታል። ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱ ከደመወዙ ቆርጦ እንዲያስገባ ሊያዝ ወይም ንብረቱን ሊያስከብር ይችላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከሠራተኛ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። በምሳሌው የተጠቀሰው አባት ከ12,000 ብር ደመወዙ እስከ 4,000 ብር ሊቆረጥበት ስለሚችል 3,000 ብሩ በዚህ ገደብ ውስጥ ይወድቃል።

ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 658 የሚያስቀጣ ወንጀልም ነው።

በሌሎች አገሮች

የኢትዮጵያን ዓይነት የዳኛ ምዘና የማይከተሉ አገሮች አሉ። በጀርመን ፍርድ ቤቶች የከፋዩን ገቢና የልጁን ዕድሜ አገናኝቶ መጠኑን የሚያሳየውን የዱሰልዶርፍ ሠንጠረዥ እንደ መነሻ ይጠቀማሉ። በአሜሪካም እያንዳንዱ ግዛት የራሱ የስሌት መመሪያ አለው። ሠንጠረዥ ተቀራራቢ ጉዳዮች ተቀራራቢ ውሳኔ እንዲያገኙ ይረዳል። የዳኛ ምዘና ደግሞ ደመወዝተኛው ጥቂት በሆነበት አገር ለተለያየ የኑሮ ሁኔታ ይመቻል፤ ሆኖም ማስረጃ ማሰባሰብ ያልቻለውን ወገን ሊጎዳ ይችላል።

የሕግ ድጋፍ

የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው ይህንኑ አስረድቶ በደሃ ደንብ ክስ ለመመሥረት እንዲፈቀድለት መጠየቅ ይችላል። በባሕር ዳር ከተማ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም ለሌላቸው ሴቶች የሕግ ምክር ይሰጣል፣ አቤቱታም ይጽፋል። ወደ እነዚህ ቦታዎች የሚሄድ ሰው የጋብቻና የልጆች የልደት ማስረጃ፣ የወጪ ደረሰኞችና የምስክሮች ስም ዝርዝር ይዞ ቢቀርብ ጉዳዩ ይፋጠንለታል።