ሦስት ወር ያለፈው ሕመም
በካርቱም ዴም ሠርተው ስለ ኖሩት እኅቶቻችን ጤንነት

በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም ዴም ተብሎ የሚጠራው ሠፈር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ጦርነቱ እስከ ተነሣበት እስከ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ የእንጀራው ሽታ፥ የቡናው ጢስና የአማርኛው ጨዋታ በየመንገዱ ይገኝ ስለ ነበር፥ በመተማ ተሻግሮ የሄደ ሰው በዚያ ሲደርስ ካገሩ የራቀ አይመስለውም ነበር። በሠፈሩ ከኖሩት ወገኖቻችን መካከል ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። ገሚሶቹ በሰው ቤት በማጠብና በመወልወል፥ ገሚሶቹም በየጥላው ሥር ሻይና ቡና አፍልተው በመሸጥ ራሳቸውን ችለው፥ በአገር ቤት የቀሩትን ወላጆቻቸውንና ልጆቻቸውን ይረዱ ነበር። እነርሱ ስለ ላኩት ገንዘብ ብዙ ተነግሯል፤ ገንዘቡን ስላስገኘው ወገብና ጉልበት ግን የተነገረው ጥቂት ነው።

ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ጠዋት ከሰሏን ካቀጣጠለች በኋላ፥ ሱዳኖች ባንበር በሚሉት አጭር መቀመጫ ላይ ጉልበቷን አጥፋ፥ ወገቧን ጐበጥ አድርጋ ትውል ነበር። ጉልበት እንደዚያ ታጥፎ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ በመጋጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና ይበረታል። የቤት ሠራተኛዋም ምንጣፍ ስታነሣ፥ ብርድ ልብስ ስትጨምቅ፥ ተንበርክካ ወለል ስትወለውል ወገቧ፥ ትከሻዋና የእጅ አንጓዋ በየቀኑ ይፈተናል። በዚያ ላይ ከግቢ ሳትወጣ የምትውል ሴት፥ ፀሐይ እንደ እሳት በሚነድበት ከተማ ውስጥ ፀሐይ ሳይነካት ልትከርም ትችላለች። ሰውነት በፀሐይ ብርሃን የሚያዘጋጀው ቫይታሚን ዲ ሲያንስ አጥንት ይለሰልሳል፥ ጡንቻ ይደክማል፥ መላ አካላትም ይቈረጥማል። ነገሩ የሚያስገርም ቢመስልም በሞቃት አገሮች ያሉ ሐኪሞች በሚገባ ያውቁታል።

በሕክምና ትምህርት ከሦስት ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚነሣ ሕመም ሥር የሰደደ ሕመም ይባላል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ፥ እንዲህ ያለው ሕመም የሌላ በሽታ ምልክት ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ ደዌ ሊሆን እንደሚችል ሰፍሯል። ሕመም ሲረዝም የነርቭ ሥርዓት ራሱ ይለወጣልና። ሌባው ከሄደ በኋላ እስኪነጋ መጮኹን እንዳልተወ የግቢ ውሻ፥ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ነርቮቹ ወደ አንጎል ማስጠንቀቂያ መላካቸውን ይቀጥላሉ። ስለዚህ በምርመራ መሣሪያ ምንም ያልታየባት ሴት «ምንም የለብሽም» ተብላ ብትመለስ፥ ሕመሟ ሐሰት ነው ማለት አይደለም። መላ ሰውነትን የሚያመውና እንቅልፍ የሚነሣው ፋይብሮማያልጂያ ከዚህ ወገን ነው፤ ከወንዶችም ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል።

የሴት ሕመም የሚሸሸግበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ኀፍረት ነው። የወር አበባ ሕመም የሴት ዕጣ ነው ስለሚባል፥ በየወሩ አልጋ ላይ የሚጥላት እንኳ ለሐኪም አትናገርም። ኢንዶሜትሪዮሲስ በሚባለው በሽታ ግን የማኅፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማኅፀን ውጭ ይበቅላል፤ ሕመሙ የበረታ ነው፥ መውለድንም ሊያሰናክል ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶች ከመቶ 10 የሚሆኑት፥ ማለት 190 ሚሊዮን ያህል፥ ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይገምታል። በሱዳንም በአገራችንም ሲሠራበት የኖረው የሴት ልጅ ግርዛት፥ ይልቁንም የመስፋት ዓይነቱ፥ የሽንትንና የወር አበባን መውጫ አጥብቦ የብዙ ዓመት ሕመም ያስከትላል። አገራችን በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ፥ ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ2020 ድርጊቱን ወንጀል አድርገዋል። ከሕጉ በፊት የተገረዘችው ግን ሕመሟን ይዛ ትኖራለች።

ሴቶች ይህን ሁሉ ቀድሞም ዝም ብለው አልተሸከሙትም። ዛር በአገራችንም በሱዳንም የታወቀ ነው፤ እንዲያውም በሱዳን ዛር ከሚጠሩት መናፍስት መካከል ሐበሻ የሚባሉ አንድ ወገን አሉ። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ስለ ዛር ባለቤቶች ብዙ መዝግቧል። ዛር ያድናል ብለን አንመክርም። ይሁን እንጂ በዚያ ቤት የታመመችው ሴት ትጠየቃለች፥ ትሰማለች፥ ቤተ ሰቧም ስለ እርሷ ይጨነቃል። የአውሮፓ ሐኪሞች በበኩላቸው ምክንያቱን ያላገኙለትን የሴት ሕመም ብዙ ጊዜ ሂስቴሪያ ይሉት ነበር፤ ቃሉም ማኅፀን ከሚለው የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል አንባቢ ይፍረድ።

ዛሬ ብዙዎች የሚሸሹት ወደ ማስታገሻ ክኒን ነው። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለጥቂት ቀን ሕመም ይጠቅማሉ። ለወራት በየቀኑ ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ያቈስላሉ፥ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፥ ኵላሊትንም ይጐዳሉ። የኵላሊቱ አደጋ በሙቀት ጊዜ ይብሳል። በካርቱም በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል፤ በመንገድ ዳር የምትሸጥ ሴት ደግሞ መጸዳጃ በቅርብ ካላገኘች ውሃ ከመጠጣት ትታቀባለች። ሰውነቷ ደርቆ ከከሰል ምድጃ አጠገብ ተቀምጣ ክኒኑን ስትውጥ፥ ኵላሊቷ ምንም ምልክት ሳያሳይ ሊደክም ይችላል። የራስ ምታትም ነገር እንዲሁ ነው። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ማስታገሻ መውሰድ ለወራት ሲዘወተር፥ ክኒኑ ራሱ የራስ ምታት ያመጣል፤ ስትውጠው ይተዋታል፥ ኀይሉ ሲያልቅ ይመለስባታል፥ እርሷም ትጨምራለች።

ጦርነቱ ሲነሣ የዴም ነዋሪዎች ተበተኑ። ብዙዎች በገዳሪፍና በገላባት አድርገው መተማ ገቡ። ንብረትና የሕክምና ወረቀት ወደ ኋላ ቢቀርም ሕመሙ አልቀረም፤ የመንገዱ ድንጋጤና የእንቅልፍ እጦትም ጨመረበት። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት በማግሥቱ ሕመምን አብልጦ ይሰማዋልና። እንግዲህ ከሱዳን የተመለሰች ልጅ ወይም እኅት ያላችሁ ቤተ ሰቦች ሆይ፥ ምጣድ ፊት መቆም ቢያቅታት ወይም ከሰው መሸሽ ብታበዛ ሰነፈች ከማለታችሁ በፊት ምን እንደሚያማት ጠይቋት። ዝምታዋም የጠባይ ለውጥ ላይሆን ይችላል፤ የቆየ ሕመም የመንፈስ ጭንቀትን አስከትሎ ይመጣልና።

ሕክምናው ሕመሙን ፈጽሞ ባያጠፋው እንኳ ሥራ የሚያሠራና እንቅልፍ የሚያስተኛ ያደርገዋል። ከሁሉ የሚበልጠው፥ በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨመር እንቅስቃሴ ነው፤ ለወራት ተኝቶ መዋል ጡንቻን አድክሞ ነገሩን ያከፋዋል። ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊን የሚባለውን መድኃኒት ቢያዝላት፥ ለመንፈስ ጭንቀት የሚሰጥ ነው ብላ አትቀየም፤ በጥቂት መጠን ሲሰጥ የነርቮቹን ጩኸት ያበርዳል። በእግሮቿ መካከል የሚደነዝዛት፥ ሽንቷን መቆጣጠር የተሳናት ወይም ሰገራዋ እንደ ሬንጅ የጠቈረባት ሴት ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ። ሌላዋም ወደ ሐኪም ስትሄድ፥ ሕመሙ የሚነሣበትን ቀንና የወር አበባዋን ጊዜ ጽፋ፥ ስትውጣቸው የኖረችውን ክኒኖች ከነመያዣቸው ይዛ ትቅረብ።