ቤተሰብ ይዘው ወደ አዲስ ከተማ ሲዛወሩ

ቤተሰብዎን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ሊዛወሩ አስበዋል? ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው “ኪራዩ ስንት ነው?” ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን ያሳስታል።

እንደ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ባሉ የዳር ኮንዶሚኒየሞች ኪራይ ከመሃል ከተማው ይቀንሳል። ሥራዎ መሃል ከተማ ከሆነ ግን ያተረፉትን ገንዘብ ታክሲ ሊወስደው ይችላል፤ ማታ ሲገቡም ልጆችዎ ተኝተው ይጠብቁዎታል። ስለዚህ ኪራዩን፣ ትራንስፖርቱንና የትምህርት ቤቱን ወጪ ደምረው ያወዳድሩ።

ሰፈሩን በሥራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሄደው ይዩት። የታክሲው ሰልፍና ልጆች የሚሄዱበት መንገድ ያን ጊዜ ይታያል። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ደላላውን ሳይሆን ጎረቤቶችን ይጠይቁ። ጤና ጣቢያው ምን ያህል እንደሚርቅም ይወቁ።

በመጨረሻ፣ በቃል ብቻ ተስማምተው አይግቡ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ይህም ልጆችዎ በዓመቱ አጋማሽ ትምህርት ቤት እንዳይቀይሩ ይረዳል።