የክፍት ምንጭ ሰርቨሮች የድጋፍ ዘመን፦ የፈርሚላብ ተሞክሮ ለመንግሥት ተቋማት

የመንግሥት ተቋማት ለሰርቨሮቻቸው የክፍት ምንጭ ሥርዓተ ክወና ሲመርጡ በቅድሚያ የሚጠቀሰው ምክንያት የፈቃድ ክፍያ አለመኖሩ ነው። ይሁን እንጂ አንድን ሰርቨር ለዓመታት በማስተዳደር ረገድ ወሳኙ ጥያቄ የደኅንነት ማሻሻያ ከማንና እስከ መቼ ይገኛል የሚለው ነው። የድጋፍ ዘመኑ ያለፈበት ሰርቨር በማግስቱም እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚደረስባቸው የደኅንነት ክፍተቶች ግን ሳይደፈኑ ይቀራሉ። አደጋው ሳይስተዋል የሚቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የሚገኘውና በአገሪቱ የኢነርጂ ሚኒስቴር ሥር ያለው ፈርሚላብ የተባለው የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ነው። ቤተ ሙከራው ከአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ድርጅት (ሰርን) ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2004 ሳይንቲፊክ ሊኑክስን ለአገልግሎት አበቃ። ሥርዓቱ የሚዘጋጀው ሬድ ሃት ኩባንያ በክፍያ ድጋፍ ከሚሰጥበት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ የምንጭ ኮድ ነበር። በዚሁ ዓመት የተጀመረው ሴንትኦኤስም በተመሳሳይ መንገድ ይዘጋጅ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በሬድ ሃት ድጋፍ ሥር ሆኗል።

ፈርሚላብ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2019 የሳይንቲፊክ ሊኑክስን 8ኛ እትም እንደማያዘጋጅና ወደ ሴንትኦኤስ 8 እንደሚሸጋገር አስታወቀ። ሁለት ተቋማት አንድ ዓይነት ሥራ ለየብቻ ከሚደግሙ የጋራውን መጠቀም ምክንያታዊ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 2020 እስከ 2029 ይዘልቃል ተብሎ ሲጠበቅ የነበረው የሴንትኦኤስ 8 ድጋፍ በ2021 መጨረሻ እንደሚቋረጥ ይፋ ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ይቀረዋል የተባለው የድጋፍ ዘመን ወደ አንድ ዓመት ያህል አጠረ።

የኮዱ ክፍት መሆን ጥቅሙ የታየው በዚህ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 አልማሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ የተባሉ ሁለት ምትኮች ወጡ። ከሴንትኦኤስ 8 ወደ አልማሊኑክስ 8 ለመዛወር የሶፍትዌር ጥቅሎች የሚመጡበትን ማከማቻ መቀየርና ጥቅሎቹን መተካት በአብዛኛው በቂ ነበር። ፈርሚላብና ሰርን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2022 ለሙከራ ሥራዎቻቸው አልማሊኑክስን መምረጣቸውን በጋራ አስታወቁ። በአንጻሩ የሳይንቲፊክ ሊኑክስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 ስለሚያበቃ፣ ከዚያ ወደ አልማሊኑክስ 9 የሚደረገው ሽግግር ፕሮግራሞችን እንደገና ማጠናቀርንና መፈተሽን የሚጠይቅ ነበር።

ከዚህ ተሞክሮ የሚገኘው ትምህርት ክፍት ፈቃድ ተቋሙን ከአንድ አቅራቢ እጅ ሊያወጣው እንደሚችል፣ ነገር ግን በሩን የሚከፍተው የባለሙያ ዝግጅት መሆኑን ነው። ዝግጅቱ ሦስት ነገሮችን ይጨምራል። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሰርቨር ከነእትሙና ከድጋፍ ማብቂያው ቀን ጋር መመዝገብ አለበት። ሁለተኛ፣ የሰርቨሩ አደረጃጀት በአንድ ሠራተኛ ትውስታ ብቻ ከሚቀር እንደ አንሲብል ባሉ መሣሪያዎች በጽሑፍ መስፈር ይኖርበታል፤ ሠራተኛው ሥራ ቢለቅ ተተኪው ሰርቨሩን እንደገና ማቆም የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ሦስተኛ፣ ማሻሻያዎች በተቋሙ ውስጥ ባለ ማከማቻ በኩል አልፈው በመጀመሪያ በመፈተኛ ሰርቨሮች ላይ መሞከር አለባቸው። ይህ አሠራር የኢንተርኔት ግንኙነታቸው ውስን ለሆነ ተቋማት የመስመር ጭነትንም ይቀንሳል።

የፈቃድ ክፍያ በመቅረቱ የዳነው ገንዘብ ለባለሙያ ሥልጠናና ለሽግግር ሥራ ካልተመደበ፣ ወጪው ወደ ሌላ ጊዜ ተላለፈ እንጂ አልቀረም። ስለዚህ የድጋፍ ማብቂያ ቀን ሥርዓቱ በሚመረጥበት ዕለት ከበጀት ዕቅድ ጋር አብሮ መጻፍ ይኖርበታል።