መጨረሻ የሚናገር ምን ያተርፋል? የፖከር የመጨረሻ ካርታና የቴፒ እሸት ቡና

በቡና ለቀማ ወራት በቴፒና በአካባቢዋ ወደ ማምሻው ላይ የሚካሄደውን የእሸት ቡና ግብይት የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ዋጋ ቀድሞ የሚጠራው ወገን ሐሳቡን ይገልጣል፤ ዘግይቶ የሚናገረው ግን የሌላውን ሰምቶ ይወስናል። መዘግየት የሚያስገኘው ጥቅም ምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ጥርት ያለ መልስ የምናገኘው፣ ነገሩ ቢያስገርምም፣ ከፖከር ጨዋታ ነው።

ቴክሳስ ሆልደም በተባለው የፖከር ዓይነት እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ይደብቃል፤ ሌሎች አምስት ካርታዎች ደግሞ የጋራ ሆነው ጠረጴዛው ላይ በየደረጃው ይገለጣሉ። አምስተኛው ከተገለጠ በኋላ ከዕድል የሚጠበቅ ነገር የለም። ማን እንደሚበልጥ ተወስኗል፤ ያልታወቀው የተቃራኒው እጅ ብቻ ነው።

ሁለት ተማሪዎች ቴፒ ውስጥ በቡና ፍሬ እያስያዙ ይጫወታሉ እንበል። (በገንዘብ አለመሆኑ ደግ ነው፤ አጫዋቹ ቤት ድርሻውን በሚቆርጥበት ቦታ የተጫዋቾቹ ድምር ውጤት ምንጊዜም ኪሳራ ነውና።) መሐል ላይ 100 ፍሬ ተከማችቷል። ቀዳሚዋ ምንም ሳታስይዝ አለፈች፤ ተራው የተከታዩ ነው። እርሱም ቢያልፍ እጆች ተገልጠው አሸናፊው ይለያል። ቢያስይዝ ግን እርሷ እኩል አስይዛ መከተል ወይም እጇን መጣል ይኖርባታል።

እጁ ጠንካራ ከሆነ ማስያዙ ግልጽ ነው። መካከለኛ ከሆነ ግን ማለፍ ይሻለዋል፤ ቢያስይዝ ደካማ እጅ ያላት ትጥላለች፣ የምትበልጠው ብቻ ትከተለዋለች። ይህን መካከለኛ እጅ ያለ ምንም ወጪ ወደ ፍርድ ማድረስ መቻሉ የመጨረሻው ተናጋሪ ትልቁ ጥቅም ነው፤ ቀዳሚዋ ብታልፍ ሌላው ሊያስይዝባት ስለሚችል ይህ ዋስትና የላትም። የሚያስደንቀው በጣም ደካማው እጅ ነው። በማለፍ አያሸንፍምና፣ እንደ ጠንካራ አስመስሎ ማስያዝ የሚያዋጣው በእርሱ ነው። ጆን ፎን ኖይማን ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ፣ በቀላል የፖከር አምሳያ ላይ ይህንኑ በሒሳብ አሳይቷል፤ ይኸውም ማስያዝ በላይኛውና በታችኛው ጫፍ፣ ማለፍ በመካከል ነው። ማስመሰል የጠባይ ጉድለት ሳይሆን የስሌት ውጤት ሆኖ ተገኘ።

ስንት ጊዜ ያስመስል? ተማሪው 100 ፍሬ ቢያስይዝ፣ ተቃራኒዋ 100 ከፍላ 200 ለማግኘት ትወስናለች። ከሦስት ጊዜ አንዱን ብታሸንፍ ትርፍም ኪሳራም የላትም። ስለዚህ ካስያዘባቸው ሦስት ጊዜያት ሁለቱ እውነተኛ፣ አንዱ ማስመሰል ከሆነ፣ ብትከተልም ብትጥልም ለውጥ የለውም። ያስያዘው 50 ብቻ ቢሆን ግን 50 ከፍላ 150 ስለምታገኝ፣ ማስመሰሉ ከአራት አንድ መብለጥ የለበትም። እርሷም ብትሆን ሁልጊዜ መጣል አትችልም፤ ለ100 ፍሬው በአማካይ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ካልተከተለች ማንኛውም ባዶ እጅ ይዘርፋታል።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይጎዳል። ስለዚህ ሲመሽ ጆንያውን ተሸክሞ ገበያ የቆመ ገበሬ «አልፋለሁ» ማለት ይከብደዋል፤ ማለፉ ራሱ ዋጋ ያስከፍለዋል። ገዢው ይህን ያውቃል፣ የመጨረሻውን ቃልም ይናገራል፤ «ዛሬ ከዚህ በላይ የሚከፍል የለም» ይላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ባዶ እጅም ሊሆን ይችላል። ማንም ሰው ይህን አባባል አንድ ቀን እንኳ እምቢ ካላለው፣ ገዢው በየማታው ቢናገረው ምንም አይጎዳም። ቡናውን በማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥቶ ጀንፈል ማድረግ የሚችለው ገበሬ ሁኔታው ይለያል። የጀንፈል ዋጋ ከእሸቱ የተለየ ቢሆንም፣ በደንብ የደረቀ ቡና ለወራት ይቀመጣልና፣ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቀድሞ ዋጋ የሚጠራው ገዢው ሊሆን ይችላል።