የወረቀት ፋብሪካ አተላ እሳት ይሆናል

አሁን በእጃችሁ የያዛችሁት ወረቀት ከምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? አብዛኛው ወረቀት የሚሠራው ከእንጨት ነው። ፋብሪካው እንጨቱን ይፈጨዋል፤ ወይም በኬሚካል ይቀቅለዋል። ከዚያም በብዙ ውሃ በጥብጦ በወንፊት ያጠልለዋል። በወንፊቱ ላይ የሚቀረው ቃጫ ተጨምቆና ደርቆ ወረቀት ይሆናል። ውሃው ግን ቆሽሾ ይወጣል።

ይህ ውሃ እንዲሁ ወንዝ ውስጥ ቢለቀቅ ዓሣ ይፈጃል። ስለዚህ ፋብሪካው አስቀድሞ በገንዳ ያጠራዋል። ውሃው ሲጠራ ከታች ወፍራም ጭቃ ይቀራል። ልክ እንደ ጠላ አተላ ማለት ነው። ይህ ጭቃ ዝቃጭ ይባላል። በውስጡ ያመለጠ ቃጫ አለ። ውሃውን ያጠሩት ባክቴሪያዎችም አሉበት። ባክቴሪያ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ነፍስ ነው።

ታዲያ ዝቃጩ የት ይጣል? ቢቀብሩት እየበሰበሰ ሚቴን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሚቴን ወደ ሰማይ ሲወጣ የምድርን ሙቀት ይጨምራል። ቢያቃጥሉትም ውሃ ስለሚበዛው በቀላሉ አይነድም። የሚሻለው ሚቴኑን ይዞ ማንደድ ነው። ዝቃጩን አየር በማይገባበት ትልቅ ጋን ይከቱታል። ሙቀቱን እንደ ሰው ገላ፣ 37 ዲግሪ ያህል ያደርጉታል። በጋኑ ውስጥ ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች ዝቃጩን ያብላሉታል። የሚወጣው ጋዝ ባዮጋዝ ይባላል።

ነገር ግን አንድ ችግር አለ። የወረቀት ዝቃጭ ቶሎ አይብላላም። ቃጫውን ሊግኒን የሚባል ነገር አጣብቆ ይዞታል። እንጨትን የሚያጠነክረው ይኸው ሊግኒን ነው። በዝቃጩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችም ጠንካራ ሽፋን አላቸው። ምግቡ አለ፤ በሩ ግን ተዘግቷል።

ጠላ የሚጠምቁ እናቶች ይህን ነገር ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። ገብሱን እንዳለ ጋን ውስጥ ይጨምሩታል እንዴ? አይጨምሩም። ብቅሉን ያበቅላሉ፣ አሻሮውን ይቆላሉ፣ ይፈጫሉ። ዝቃጭም እንዲሁ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። መንገዱ ብዙ ነው።

1ኛ/ በሙቀት። ዝቃጩን በጥብቅ በተዘጋ በርሜል ከ150 እስከ 170 ዲግሪ በሚደርስ እንፋሎት ግማሽ ሰዓት ያህል ያበስሉታል። ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ የባክቴሪያው ሽፋን ይፈነዳል። ይህ ዘዴ በከተማ ፍሳሽ ዝቃጭ ላይ በሥራ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1995 ኖርዌይ ውስጥ፣ በሐማር ከተማ አካባቢ ነው።

2ኛ/ በኬሚካል። ሳሙና በሚሠራበት ኮስቲክ ሶዳ ይዘፈዝፉታል። የተጣበቀው ይላላል። ሶዳው ከበዛ ግን ጋዝ ሰጪዎቹን ባክቴሪያዎች ይጎዳል።

3ኛ/ በመፍጨት። ዝቃጩን በማሽን ያደቁታል። ጆሮ በማይሰማው ኃይለኛ የድምፅ ሞገድ የሚበትኑትም አሉ።

4ኛ/ በማደባለቅ። ሰው ደረቅ እንጀራ ብቻ በልቶ አይጠነክርም። ባክቴሪያም እንደዚያው ነው። ቃጫ የበዛበት ዝቃጭ ናይትሮጅን ይጎድለዋል። ስለዚህ እበት ወይም የዓሣ ትርፍራፊ ይጨምሩበታል። በኖርዌይ፣ በስኮግን የወረቀት ፋብሪካ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ የጀመረው የባዮጋዝ ጣቢያ የፋብሪካውን ዝቃጭ ከዓሣ ትርፍራፊ ጋር ያብላላል። ጋዙም በቅዝቃዜ ፈሳሽ ሆኖ ለነዳጅ ይውላል።

እዚህ ላይ ሒሳብ መሥራት ያስፈልጋል። ዝቃጩን ለማብሰል የሚነደው ከሚገኘው ተጨማሪ ጋዝ ከበለጠ ትርፉ ድካም ነው። ለዚህ ነው ነገሩ ለሁሉም ፋብሪካ እኩል የማያዋጣው። የተረፈ እንፋሎት ያለው ፋብሪካ ግን በዚያው እንፋሎት ሊጠቀም ይችላል። በደንብ የተብላላ ዝቃጭ መጠኑም ስለሚቀንስ የማስወገጃው ወጪ ይቀላል።

በአገራችን ገጠርም በእበት የሚሠራ የባዮጋዝ ማብላያ ያላቸው ቤተሰቦች አሉ። የእነርሱ ሥራ ቀለል ይላል። ለምን ቢባል ላሟ ሣሩን አኝካ፣ አመስኳታ፣ በሆዷ አብላልታ ነው የምትሰጣቸው። የማዘጋጀቱን ሥራ ጀምራላቸዋለች ማለት ነው። ቢሆንም እነርሱም አንድ እጅ እበት በአንድ እጅ ውሃ ይበጠብጣሉ። ድንጋይና ጭድ ይለቅማሉ። ጭዱ ካልተለቀመ ከላይ ተንሳፎ ይጋገርና የጋዙን መውጫ ይዘጋል። ትልቁ ፋብሪካም ትንሹ ጓሮም ሕጉ አንድ ነው፤ ሳያዘጋጁ የጨመሩት ነገር በደንብ ጋዝ አይሰጥም።

ካነበባችሁ በኋላ ተወያዩ፦
ሀ/ የወረቀት ዝቃጭ ቶሎ የማይብላላው ለምንድን ነው?
ለ/ የዓሣ ትርፍራፊ ለምን ይጨመርበታል?
ሐ/ በቤታችሁ ከመብላላቱ በፊት የሚዘጋጅ ምን ምን ነገር አለ?