ድንጋዩና ጎረቤቶቹ፦ የመቃብር ፎቶ ለዘር ሐረግ ፈላጊ

የዘር ሐረጋቸውን የሚቆጥሩ አሜሪካውያንና አውሮፓውያን በዕረፍት ቀናቸው ካሜራ ይዘው በመቃብር ስፍራ መዞር ከጀመሩ ቆይተዋል። የሚያነሡት የራሳቸውን ዘመድ ሐውልት ብቻ አይደለም፤ ከሌላ አገር «የአያቴን መቃብር ፈልጉልኝ» ብሎ ለለመናቸው የማያውቁት ሰውም ያነሣሉ። ጂም ቲፕተን የተባለ የሶልት ሌክ ሲቲ ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ1995 የዝነኞችን መቃብር ለመመዝገብ የጀመረው ፋይንድ ኤ ግሬቭ ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሟቾች የተመዘገቡበት ሆኗል። በ2011 የመጣው ቢሊየንግሬቭስ ደግሞ ፎቶው ሲነሣ መቃብሩ ያለበትን ቦታ በጂፒኤስ አብሮ ይይዛል። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ የሚያየው እንደ ትልቅ የስምና የቀን መዝገብ ነው። እኔ ግን የፎቶው ዋና ጥቅም ሌላ ይመስለኛል። ስምና ቀንማ ያለ ካሜራም ሲገለበጥ ኖሯል፤ ካሜራው ያተረፈው ገልባጩ «አይጠቅምም» ብሎ የተወውን ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ድንጋይ ይህን ያህል የሚፈለገው ወረቀት ስለሚጎድል ነው። የአሜሪካ የ1890 የሕዝብ ቆጠራ መዛግብት በ1921 በዋሽንግተን በተነሣ እሳት ምክንያት ከጥቂቱ በቀር ጠፍተዋል። የሞት ምዝገባም ቢሆን በ1900 በፌዴራል ደረጃ ሲደራጅ ያቀፈው ዐሥር ክፍላተ ሀገርንና ዋና ከተማዋን ነበር፤ ሁሉም ክፍላተ ሀገር የገቡት በ1933 ነው። የጥቁር አሜሪካውያኑ ክፍተት ከዚህም ይከፋል። በ1850ና በ1860 ቆጠራ በባርነት የነበሩት በአብዛኛው በጌታቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በጾታና በቀለም ብቻ ተዘርዝረዋል፤ የብዙዎቹ ስም በቆጠራ ላይ የታየው በ1870 ነው። ስለዚህ በሪችመንድ ቨርጂኒያ፣ ኤቨርግሪንና ኢስት ኤንድ በተባሉት የጥቁሮች መቃብር ስፍራዎች፣ ፈቃደኞች ቁጥቋጦ እየመነጠሩ ድንጋይ ሲያወጡ ሥራው ጽዳት ብቻ አይደለም፤ የታሪክ ሰነድ ፍለጋም ነው።

ከካሜራው በፊት የነበሩት ገልባጮች ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። በ1890 የተመሠረተው የአሜሪካ አብዮት ልጆች የሴቶች ማኅበር አባላት የብዙ መቃብር ስፍራዎችን ጽሑፍ በእጃቸው ገልብጠው ጠርዘዋል። ነገር ግን ለፈላጊ እንዲቀል ተብሎ ስሞች በፊደል ተራ ሲደረደሩ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደተኛ ይጠፋል። የጎረቤት ነገር ደግሞ ቀላል አይደለም። በባሏ ስም የተጻፈች ሴት በሌላ ቤተሰብ መደዳ መካከል ከተገኘች፣ ከጎኗ ያሉት ምናልባት ወላጆቿ ናቸው፤ ሌላ መዝገብ ያልነገረን የትውልድ ቤቷ ፍንጭ እዚያ ይገኛል። ስም የሌላቸው ትንንሽ ድንጋዮች በሕፃንነት ያለፉ ልጆችን ያመለክቱ ይሆናል። የአይሁድ ሐውልት ላይ የተቀረጹ ሁለት እጆች ሟቹ ከካህናት ወገን መሆኑን፣ ማንቆርቆሪያ ደግሞ ከሌዋውያን መሆኑን ይናገራል፤ የዕብራይስጥ ጽሑፍ የማያነብ ገልባጭ ግን የእንግሊዝኛውን ስም ብቻ ወስዶ ይሄዳል፣ ከዕብራይስጡ ስም ጋር ያለውን የአባት ስምም ይተወዋል።

«ድንጋይ ይዋሻል» የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። የሞት ቀን ሐዘንተኛው ያየው ነው፤ የልደት ዓመት ግን ብዙ ጊዜ በስሚ የመጣ ነው። ሙት ወቃሽ መሆን በየአገሩ ነውር ስለሆነም በሐውልት ላይ ክፉ ባልና ከዳተኛ ልጅ አይገኙም። ከዚህ ሌላ ድንጋዩ ሟቹ ካለፈ ከብዙ ዓመት በኋላ የቆመ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት ከ1879 ጀምሮ በግል መቃብር ስፍራ ምልክት ሳይኖራቸው ለተቀበሩ የቀድሞ ወታደሮች ሐውልት እንዲሰጥ ተፈቅዷል፤ ስለዚህ በእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋ ሰው ድንጋይ በልጅ ልጆቹ ዘመን የተተከለ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ይህ ተቃውሞ የሚጎዳው ግልባጩን እንጂ ፎቶውን አይደለም። በግልባጭ ላይ የቆየውና አዲሱ አንድ ይመስላሉ። በፎቶ ላይ ግን የድንጋዩ ዓይነት፣ የፊደሉ ቅርጽ፣ ሁለተኛው ስም በሌላ እጅ መጨመሩ ይታያል፤ ተጠራጣሪውም ተመልሶ የሚመረምረው ነገር አለው።

ጉዳት የሚመጣው ይልቁንም ከአንሺው ጥድፊያ ነው። የደበዘዘ ጽሑፍን ለማጉላት የመላጫ አረፋ የሚቀቡ፣ በኖራ ጠመኔ የሚፈገፍጉ፣ በረኪና አፍስሰው በሽቦ ብሩሽ የሚፈትጉ አሉ። እብነ በረድና በሃ ድንጋይ ይህን አይችሉም። መድኃኒቱ ብርሃን ነው፤ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ከጎን የሚመጣ ፀሐይ፣ ካልሆነም በመስታወት ተመልሶ በድንጋዩ ላይ በአግድም የሚወርድ ብርሃን፣ የጠፋ የሚመስለውን ፊደል በጥላው ያስነብባል።

የግል ሕይወት ጉዳይ ከበድ ይላል። ባልና ሚስት በጋራ ሐውልት ሲያሠሩ በሕይወት ያለው ወገን ስምና ልደት አስቀድሞ ይቀረጻል፤ ያ ፎቶ ከተለጠፈ ለአጭበርባሪ ሲሳይ ነው። ቤተሰቡ ገና ሳይረዳ ትናንት የሞተን ሰው ለመመዝገብ የሚሽቀዳደሙም ጠፍተው አያውቁም። የንግዱም ነገር አለ፤ ፈቃደኞች በነፃ የሞሉትን ፋይንድ ኤ ግሬቭን በ2013 አንሴስትሪ የተባለው ኩባንያ ገዝቶታል። እነዚህ ቅሬታዎች ተገቢ ናቸው፤ ሆኖም የሚጠይቁት ለማተም መቆየትንና ዋናውን ፎቶ በእጅ ማስቀረትን ነው፤ አለማንሣትን አይደለም። አለማንሣት የራሱ ኪሳራ አለው። በጀርመን መቃብር በአብዛኛው ለ20 ወይም ለ30 ዓመት ገደማ የሚከራይ ነው፤ ዘመኑ ሲያበቃ ካልታደሰ ድንጋዩ ይነሣል። ቦታ በጠበባቸው የአዲስ አበባ አጥቢያዎችም አጽም እየተነሣ ለሌላ ቀብር ቦታ ይለቀቃል።

በውጭ አገር የተቀበሩ ኢትዮጵያውያን ሐውልት ለግልባጭ ከሁሉም ያስቸግራል። የመዝገቡ ቅጽ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ ፈቃደኛው የአባትን ስም እዚያ ያስገባል፤ ባልና ሚስትም፣ እናትና ልጅም፣ እንደ ባዕዳን ተለያይተው ይመዘገባሉ። የክርስትና ስሙን ሌላ ሰው ሊያደርገው ይችላል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመት እንዳለ ከወሰደው ሟቹን ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በፊት ይገድለዋል፤ በግእዝ ቁጥር ከተቀረጸ ደግሞ ጭራሽ ያልፈዋል። ሙሉው ፊት በፎቶ ካለ ይህን ሁሉ አማርኛ የሚያነብ ሰው ከሃምሳ ዓመት በኋላም ያርመዋል። ለዚህም አንሺው መደዳውን በሙሉ፣ የድንጋዩን ጀርባና የቦታውን አቀማመጥ ጨምሮ መያዝ ይኖርበታል፤ የእኛ ሰው አጎቱን ከጎረቤቱ ድንጋይ ላይ እንጂ ከቤተሰብ ስም ተራ ውስጥ አያገኘውምና።